ኢየሩሳሌም የሚሄዱት ወፎች

የምስክርን መሞት ለእናቱ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ነገር የተበላሸው ከዚያ ነው። እህቱ ሰገነት ታውቃለች። አጎቱ ቄስ ተክለ ሚካኤል ያውቃሉ። ወገል ጤና ከተማ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ መልአኩ ያውቃል። የሰንሰል አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ወለተ ሐና እንኳ ታውቃለች። የወለደችው ባንችይርጋ ግን ላሊበላ ዳር፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ጓሮዋ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከገብሷ ላይ በወንጭፍ ወፍ ታባርር ነበር።

ወሬው የደረሰው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ሰገነት ባዮሎጂ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ ቁልቁለቱን ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። በኢሞ ነው የተደወለው፤ ቁጥሩን አታውቀውም። ከምስክር ጋር አብሮ የወጣው የቆላ ልጅ ሐምዳን ነበር። ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል።

«ሰገነት ነሽ? እህቱ?»

«ነኝ።»

«ጀልባዋ ተገለበጠች። እኔን አሣ አጥማጆች ናቸው ያወጡኝ። እሱን ፈለግነው፤ ወላሂ ፈለግነው። አልተገኘም።»

ሰገነት መንገድ ዳር ቆመች። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እያሰማ አለፋት። የጠየቀችው ጥያቄ ኋላ ላይ ራሷንም ገርሟታል።

«ዋና አይችልም ነበር እንዴ?»

«የላስታ ልጅ የት ይዋኛል?» አለ ሐምዳን። ቀጥሎ ማልቀስ ጀመረ፤ «አላህ ለእናቱ ሶብሩን ይስጣት» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ምስክር አስጎብኚ ነበር። ቱሪስቱ ሲቀር እሱም ሥራ ፈታ። ለእናቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ወጣ። ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ እንዳሰበ የምታውቀው ሰገነት ብቻ ነበረች፤ እሷም «አንተ ያበድክ» ብላ ሰድባው፣ አንገቱን አቅፋ ሸኝታዋለች።

በማግስቱ ቄስ ተክለ ሚካኤል ከሚያገለግሉበት የገጠር ደብር፣ ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለው፣ መጡና ወለተ ሐና ቤት ተገናኙ። ቄሱ የባንችይርጋ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሰገነት አባት ከሞተ ወዲህ በቤቱ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለች ሰገነት።

«በምን አፍሽ?»

«በዚሁ አፌ። እናቱ ናት፤ ልታውቅ ይገባል።»

«መርዶ እንደ ፈተና ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንዴ?» አሉ ቄሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸዋል። «ደም ብዛት እንዳለባት ታውቂያለሽ። መልአኩ የለ፣ ዘመድ አልተሰበሰበ። አንቺ ብቻሽን ስትነግሪያትና ስትወድቅ ማን ሊያነሣት ነው? ደግሞ ስለት አለባት።»

ስለቱ እውነት ነው። ባንችይርጋ ልጇ መንገድ ሲጀምር፣ በሰላም ከገባልኝ ለልደት የሚመጡትን ምእመናን ግቢዬ አሳርፋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ ብላ ተስላለች። ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ሳይቀር አስተካክላ ጨርሳለች።

«ልደት ይለፍ» አሉ ቄሱ። «መልአኩም ይምጣ። ያን ጊዜ በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሁላችን ባለንበት ትረዳለች። እስከዚያ ጥቁር ለብሰሽ እንዳትታዪ።»

ሰገነት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አላት። ይህን ሁሉ ወግ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምታፈርስበት አንደበትም አላት። ግን እናቷ ስትወድቅ ታያት፤ ብቻዋን መሆኗ ታያት። እሺ አለች።

ስለዚህ ለቅሶው ወለተ ሐና ቤት ተቀመጠ። ሰገነት ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያ ትገባለች፤ ወለተ ሐና ያዋሰቻትን ጥቁር ቀሚስ ትለብሳለች። ጓደኞቿና የሩቅ ዘመዶች ተራ በተራ እየመጡ፣ ድምፃቸውን እያፈኑ ያለቅሳሉ። ከዚያ ፊቷን ታጠባለች፣ ጥቁሩን ታወልቃለች፣ ቢጫ ሹራቧን ታጠልቃለች፣ ሰንሰሉን ዞራ እናቷ ቤት ትገባለች።

«ቤቴን ልብስ መለወጫ አደረግሽው» አለቻት አንድ ቀን ወለተ ሐና፣ ልታስቃት ፈልጋ። «ወደፊት መስታወት አስገባልሻለሁ።»

ሰገነት ሣቀች። መሣቋ አበሳጫት።

ቤት ስትደርስ ደግሞ ሌላው ውሸት ይጠብቃታል። ምስክር ይደውል የነበረው በሷ ስልክ ነው፤ የእናቷ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ነገር ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባንችይርጋ «እስቲ ደውይለት» ትላለች። ሰገነትም ኔትወርክ ፍለጋ በሚል ወደ ጓሮው ጥግ ትሄድና፣ ለማንም ሳትደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብቻዋን ታወራለች። ስትመለስ «ደኅና ነው፤ ሰላም ብሎሻል፤ ሥራው ይበዛል» ትላለች። ባንችይርጋ «ይብዛለት» ትላለች።

ጓሮው እንግዲህ ይህ ነው። ከላይ ጎመንና ጌሾ፣ መሐል ገብስ፣ ከታች ተዳፋቱ ላይ ማንም የማያጭደው ረጅም ሣር። ሣሩ የማይታጨደው በወፎቹ ምክንያት ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ጥቁር ሆነው አንገታቸው ላይ ቀይ ሻሽ የጠመጠሙ የሚመስሉ፣ ጅራታቸው ከአካላቸው የሚረዝም ወፎች ሣሩ ላይ ይወርዳሉ። ይዘላሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ጅራታቸውን እንደ ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ያወዛውዛሉ። የመስቀል ወፍ ነው ባንችይርጋ የምትላቸው። ሣሩ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ። መስከረምን ያደምቁታል፤ ጥቅምት ሲያልቅ አንድ ጠዋት ትነሣለህ፣ የሉም። አንድም የለም። በምትካቸው ግራጫ ቡናማ የሆነ፣ ስም የማይወጣለት የወፍ መንጋ ገብሱ ላይ ይሰፍራል፤ ባንችይርጋ ግሪሳ ትለዋለች፣ ወንጭፏንም የምታነሣው ለሱ ነው።

በየዓመቱ ትጠይቅ ነበር። «አሁን እነዚህ ወፎች የት ነው የሚሄዱት?»

ምስክር ቱሪስት የሚያነጋግርበትን ድምፅ አውጥቶ ይመልስላታል። «ኢየሩሳሌም።»

«ቪዛ ማን ሰጥቷቸው?»

«ክንፍ ያለው ቪዛ አይጠየቅም፣ እማ። ልደትን ቤተ ልሔም ያከብራሉ፣ ትንሣኤን ጎልጎታ ይሳለማሉ፣ ክረምት ሲገባ ወዳንቺ ይመጣሉ። ካንቺ ጓሮ የተሻለ አላገኙም።»

ሰገነት አንዴ ልታቋርጠው ሞክራ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ሳለች ስለነዚህ ወፎች ተምራለች። «የትም አይሄዱም እኮ፣ እነሱ...» ስትል ምስክር በመዳፉ አፏን ያዘ። «መምህርት፣ ክፍል አይደለም ያለሽው። አታበላሽብን።» እናቷ እየሣቀች «ተይው፤ ያውራልኝ» አለች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

የመስቀል ማግስት ሲወጣም ወፎቹ ገና ጥቁር ለብሰው ሣሩ ላይ ይዘሉ ነበር። ምስክር ሻንጣውን አንሥቶ በሩ ላይ ቆመና «መንገድ ላይ ካገኘኋቸው ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ» አላት። ባንችይርጋ ያን ቀን ያላለቀሰችው በዚህ የተነሣ ነው።

ፍታቱ በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቀን ተደረገ። ሰገነት ለእናቷ የመምህራን ሥልጠና አለብኝ ብላ በማለዳ ወጣች፤ ወለተ ሐና ቤት ጥቁሩን ለብሳ በሚኒባስ ወደ አጎቷ ደብር ሄደች። አስከሬን የለም፤ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ መሬት መሬት ያያል። ቄስ ተክለ ሚካኤል የክርስትና ስሙን፣ ወልደ ሰንበትን፣ ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረና ሌላው ካህን ተቀበሏቸው። ሰገነት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣ እዚህ መቆም የነበረባት እናቴ ናት ብላ አሰበች። ቅዳሴውን፣ ሥርዓቱን፣ የሟችን ነፍስ፣ ስለዚያ ሁሉ እርግጠኛ አልነበረችም። ስለዚህ አንዱ ነገር ግን እርግጠኛ ነበረች።

ተመልሳ ወለተ ሐና ቤት ስትደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች።

«ዓይንሽ አብጧል» አለች ወለተ ሐና። «ሽንኩርት ስከትፍ ነበር በያት።»

«ሥልጠና ላይ ሽንኩርት?»

«እንግዲያ አቧራ ነው በይ። ሚኒባስ ላይ ነበርሽ አይደል?»

ጥቁሩን አወለቀች፣ ሹራቧን በጥድፊያ አጠለቀችና ሰንሰሉን ዞረች።

ባንችይርጋ እንደተለመደው ድንጋዩ ላይ ናት። ወንጭፏ ጭኗ ላይ፣ ጠጠሩ እግሯ ሥር። ልጇን ስታይ ፊቷ ፈካ። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ስታስብ ውላለች።

«ነገ እሑድ ነው፤ ግን እስከ ነገ ከምቆይ ዛሬ ደውይለትና አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ወፎቹ ሄደዋል በይው። መንገድ ላይ አገኛቸው ወይ በይው።»

ሰገነት ወደ ጓሮው ጥግ ሄደች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ከንፈሯን ማንቀሳቀስ እንኳ አልቻለችም። ከፊቷ፣ ገብሱ ላይ፣ ቡናማው መንጋ ይለቅማል፤ አንዱ ጅራቱ አጭር፣ ልብሱ ተራ፣ አገዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ያያታል። በዚህች ሰዓት ውስጧ የነበረው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። በአጎቷ፣ በወጉ፣ በባሕሩ፣ በዚያ ሁሉ የኢየሩሳሌም ተረት ላይ። ቢያንስ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እውነት ልናገር አለች። ተመለሰች።

«ምን አለሽ?» አለች እናቷ።

«የትም አልሄዱም አለ። የሚሄዱበት ቦታ የለም። ወንዶቹ ክረምት ሲያልቅ ጥቁራቸውን ያወልቃሉ፤ ላባቸው ይረግፍና ተራ ቡናማ ላባ ያበቅላሉ። እነዚህ ግሪሳ የምትያቸው፣ በድንጋይ የምታባርሪያቸው፣ እነሱ ናቸው አለ። ፊትሽ ናቸው፤ ልብስ ለውጠው ነው።»

ባንችይርጋ መንጋውን አየች። ከዚያ ልጇን አየች፣ ከእግሯ እስከ ራሷ።

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«እሱ ነው።»

«በቃ እሺ» አለች ባንችይርጋ። ወንጭፉን ጠቅልላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ቀን በኋላ ደውይለት አላለችም። ሰገነት ይህ እፎይታ ሰጣት፤ ለምን ብላ ራሷን አልጠየቀችም። እናቷ ምግብ ቀነሰች፤ የነቢያት ጾም ነው። አልጋዋን ትታ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፋ መተኛት ጀመረች፤ አጥባቂ ሆነች፣ ለስለቷ ነው። ፀጉሯን ቅቤ መቀባት ተወች፤ ጾም ነው። ለሁሉም ምክንያት ነበር። ያቺ ወፎችን ከላባቸው አልፋ የምታውቅ ልጅ፣ ከፊቷ ያለችውን እናቷን አላወቀቻትም።

ገብሱን ወፍ ጨረሰው። ባንችይርጋ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ግን አትወረውርም፤ ታያቸዋለች። ሰገነት አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«እማዬ፣ የደከምሽበት ነው እኮ። እንዲህ ቁጭ ብለሽ ስታስበዪው?»

«ይብሉ።»

«እኛስ ምን ልንበላ ነው?»

«ሳላውቃቸው ስንት ጊዜ በድንጋይ መትቻቸዋለሁ» አለች ባንችይርጋ። «ይብሉ፤ ምን ይደረግ።»

ልደት መጣ። ከተማው በነጭ ሞላ፤ ጓሮው ድረስ ድንኳን ተተከለ፣ የአምስት ቀን መንገድ በእግር የመጡ አሮጊቶች ረጅሙ ሣር ላይ ተኙ። ባንችይርጋ ተንበርክካ እግር አጠበች። ሰገነት ውኃ እያሞቀች ታቀርባለች። አንዲት ከጎጃም የመጡ መነኩሲት እግራቸው ታጥቦ ሲያልቅ እጃቸውን አንሥተው መረቁ፤ «እግዚአብሔር ልጆችሽን ይጠብቅልሽ፣ በመንገድ ያለውንም በሰላም ያግባልሽ» አሉ። ባንችይርጋ የደረቀውን እግራቸውን እንደገና አበሰች። ከዚያ «አሜን» ብላ ውኃውን ደፋች፣ ሌላ ውኃ ጠየቀች።

ምእመናኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መልአኩ ከወገል ጤና ደረሰ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወለተ ሐና ቤት ተሰበሰቡ፤ ቄሱ፣ መልአኩ፣ ሰገነት፣ ዘመድና ጎረቤት፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው። ሰገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁሩን ሳታወልቅ ሰንሰሉን ዞረች። አንዱ ዘመድ ብትወድቅ ብሎ የአምቦ ውኃ ይዟል። ቄስ ተክለ ሚካኤል የሚናገሩትን በሹክሹክታ እየደጋገሙ ያጠናሉ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መልአኩ ገፋው።

ቤቱ ባዶ ነው። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ አልጋው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገብቷል፤ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ባንችይርጋ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯን ተላጭታ።

«ግቡ» አለች። «ብርድ ነው።»

ገብተው ቆሙ። ያጠኑት ንግግር ከቄሱ አፍ ጠፋ። የመጡበትን ነገር ቀድማ ጨርሳ ጠበቀቻቸው።

«ማን ነገረሽ?» አለ መልአኩ በመጨረሻ።

«ሰገነት ናት።»

ሁሉም ወደ ሰገነት ዞሩ። «እኔ አልነገርኳትም» አለች። «አጎቴ፣ ይመኑኝ፣ ቃል አልወጣኝም።»

«ነገርሽኝ እንጂ» አለች ባንችይርጋ። ድምፅዋ ደረቅ ነው። «ወፎቹ የትም አልሄዱም፣ ምስክር ነው ያለው አልሽኝ። ምስክሬ ቢሆን ኖሮ፣ አዎ አግኝቻቸው ነበር፣ ኢየሩሳሌም ገብተዋል፣ ሰላም ብለውሻል ይለኝ ነበር። ስለ ወፎቹ አንድ ቀን እውነት ነግሮኝ አያውቅም። ያ ያንቺ ነገር ነው። አንቺ ለሱ የምትመልሽለት ደግሞ እሱ መመለስ ሲያቅተው ነው።»

ቀና ብላ ሰገነትን አየቻት።

«ጥቁራቸውን አውልቀው ፊትሽ ናቸው ስትዪኝ አንቺን አየሁሽ። ሹራብሽን ገልብጠሽ ነበር የለበስሽው። ለሥልጠና ስትወጪ በደኅናው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?»

«መጥተሽ እስክትነግሪኝ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ፣ ያ ቀን ነው ፍታቱ? ሥልጠና የሄደች ዕለት?»

ቄስ ተክለ ሚካኤል በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አርባውስ?»

«ወጥቷል፣ ባንቺ። በሚገባ ወጥቷል። ምንም አልጎደለም። እኛ ላንቺው ብለን ነው።»

«ምንም አልጎደለም» አለች ባንችይርጋ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «የልጄ ፍታት ሲደረግ እኔ ወፍ በወንጭፍ እያባረርኩ ነበር። እንደዚያ ነው የዋልኩት። ደስ ብሎኝም ነበር፤ የምጠይቀውን አስቤለት።»

ከሴቶቹ አንዷ ደረቷን መታ አድርጋ ለቅሶውን ልታነሣ ስትል ባንችይርጋ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው። እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። በሰንሰሉ በኩል እሰማችሁ ነበር፤ እኔ እንዳልሰማ ስታፍኑት። እናቱ ሳለሁ እኔም ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላ ይዤ አለቀስኩ፤ እናንተ እንዳትሰሙ። እንደ ሌባ። እኔ ለልጄ አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላለቀስኩም። አሁን ወጥቼ ለብቻዬ አለቅስለታለሁ።»

ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። መልአኩ ሊደግፋት ቀረበ፤ ክንዱን በቀስታ አንሥታ ወደ ጎን አደረገችው።

«አብሬሽ ልምጣ» አለች ሰገነት።

«አንቺ ተቀመጪ። ለቅሶ ደራሾች መጥተውልሻል፤ ጥለሻቸው የት ትሄጃለሽ?»

በመካከላቸው አለፈች። ከደጃፉ ባሻገር ጓሮው ነግቶለታል፤ በተራቆተው የገብስ አገዳ ላይ ቡናማዎቹ ወፎች ወርደው የቀረውን ይለቅማሉ። ስታያቸው ቆም አለች፤ እንዳታስበረግጋቸው እግሯን ቀስ አድርጋ አነሣች። ወጣችና በሩን ከውጭ ሳብ አድርጋ ዘጋችው።